ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት

ፒያኖ የተማረ ሰው ሁሉ ካርል ቸርኒን ያውቀዋል፤ የሚወደው ግን ጥቂት ነው። ስሙ የሚታየው ሕፃናት ጣታቸው እስኪዝል ድረስ አንዱን ሐረግ በሚደጋግሙባቸው የልምምድ መጻሕፍት ሽፋን ላይ ነውና። እኔም ዘግይቼ፣ ከሠላሳ ዓመቴ በኋላ፣ ፒያኖ ልማር ብዬ በተቀመጥሁባቸው ጥቂት ወራት ደጋግሜ ረግሜዋለሁ። የሕይወቱን ታሪክ ካነበብሁ ወዲህ ግን እርግማኔን ማንሳት ግዴታዬ መስሎ ታየኝ። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።)

ቸርኒ በ1791 በቪየና ተወለደ። አባቱም የፒያኖ አስተማሪ ነበር። ልጁ አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ወደ ቤትሆቨን ቤት ተወሰደ። ኋላ በጻፈው ማስታወሻ ያን ቀን ይተርከዋል፦ የተዝረከረከ ክፍል፣ ጢሙን ያልተላጨ ሰው፣ በሰውየውም ጆሮዎች ውስጥ ቢጫ ፈሳሽ የነካው የሚመስል ጥጥ። ልጁ የሞዛርትን ኮንቸርቶና የቤትሆቨንን «ፓቴቲክ» ሶናታ ተጫወተ፤ መምህሩም ተቀበለው። ታዲያ የመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች ስኬል ብቻ ነበሩ። የእጅ አቀማመጥ፣ የጣቶች አካሄድ፣ ከሁሉም በላይ የአውራ ጣት አጠቃቀም። የአብነት ትምህርት ቤትን ሥርዓት የሚያውቅ አንባቢ በዚህ አይደነቅም፤ የቅኔ ተማሪም ከጉባኤ ቃና እንጂ ከመወድስ አይጀምርም።

በ1805 ወጣቱ በየአገሩ እየተዘዋወረ ሊጫወት አሰበ። ቤትሆቨንም በታኅሣሥ ወር የምስክር ወረቀት ጻፈለት። ነገር ግን የናፖሊዮን ሠራዊት ቪየና ገብቶ ነበር፤ ወላጆቹ አርጅተዋል፤ ገንዘብም የለም። ቸርኒ ራሱም አጨዋወቱ የአደባባይ ሰው የሚወደው ዓይነት ማስገረሚያ እንደሚጎድለው ያውቅ ነበር። ስለዚህ ቀረ። በ1812 የቤትሆቨንን አምስተኛ የፒያኖ ኮንቸርቶ ለቪየና ሕዝብ ማሰማቱ እውነት ነው፤ ሕይወቱ ግን ከአሥራ አምስት ዓመቱ ጀምሮ ማስተማር ሆነ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት። አንዱ ተማሪ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። የራሱን ድርሰት የሚጽፈው ሌሊት ነበር፤ ቁጥር የተሰጣቸው ሥራዎቹ ከስምንት መቶ ይበልጣሉ። ሁሉም ድንቅ ናቸው አልልም። ነገር ግን ቀኑን ለእንጀራ ሰጥቶ ማታ ብዕር የሚያነሣ ሰው (አንዱ እኔ ነኝ) ይህን ቁጥር ሲያይ ባርኔጣውን ያወልቃል።

ከተማሪዎቹ አንዱ የቤትሆቨን የወንድም ልጅ ካርል ነበር። አጎትየው ለቸርኒ በላከው ደብዳቤ ልጁ አንድን ድርሰት ሲጫወት በጥቃቅን ስሕተት እንዳያስቆመው፣ ይልቁንም ሲጨርስ እንዲነግረው መከረው። በቁጣው የታወቀው ቤትሆቨን እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከየት አመጣው? ምናልባት ከራሱ ይልቅ በቸርኒ ላይ ስላየው ይሆናል።

በ1822 አንድ የሀንጋሪ አባት ልጁን ይዞ ቪየና ደረሰ። ፍራንዝ ሊስት ነው። ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ እንዳሻው የሚወረውር፣ ምቱን የማይጠብቅ፣ ግን ተፈጥሮ ራሷ ያስተማረችው የሚመስል ልጅ። ቸርኒ አዲስ ነገር ከመጨመር በፊት ያለውን አስተካከለ፤ ምቱን፣ ጣቱን፣ የድምፁን ጥራት። ከጥቂት ትምህርቶች በኋላም ክፍያ መቀበል ተወ። ከአሥራ አራት ወር ገደማ በኋላ፣ በ1823፣ አባትየው ልጁን ለትርኢት ይዞት ሄደ። ቸርኒ «ጊዜው ሳይደርስ ነው» ብሎ አዘነ። በዚህ ከመምህሩ ጋር መስማማት ይቸግረኛል፤ አውሮፓ ሊስትን በመስማቷ ምን ተጎዳች? ደግሞም ተማሪው አልረሳውም። በ1852 የታተሙትን፣ ከፒያኖ ድርሰቶች ሁሉ ከባዶቹ መካከል የሚቆጠሩትን አሥራ ሁለት የልምምድ ድርሰቶች ለቸርኒ አበረከተለት። የልምምድ ድርሰት! ከዚህ የተሻለ ስጦታ ምን ይገኛል።

ቸርኒ በአካል ያላገኛቸውንም አስተምሯል። በገጠር ለምትኖር አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እንደተላኩ አድርጎ የጻፋቸው የፒያኖ ትምህርት ደብዳቤዎች በመጽሐፍ ወጥተዋል። እነሱን ሳነብ ያ ደረቅ የመሰለኝ ሰው አባት ሆኖ ታየኝ።

በ1836 መደበኛ ማስተማሩን ተወ። ሚስት አላገባም፤ ወንድምም እኅትም አልነበረውም፤ በቤቱ ድመቶች ነበሩ። በ1857 ሲሞት በትምህርትና በድርሰት ያፈራውን ብዙ ሀብት ለቤት ሠራተኛው፣ ለቪየና የሙዚቃ ወዳጆች ማኅበርና ለበጎ አድራጎት ተናዘዘ። ከተናዘዘላቸው መካከል መስማት የተሳናቸው ሰዎች ተቋም ይገኝበታል።

ይህን ሳነብ ያሰብሁት ስለዚያ ጥጥ ነበር።