አዳሪዎቹ ማታ ምን ያወሩ ነበር?

ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ፣ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቤት ቡና እየጠጣን ነበር። የስድስት ዓመት ልጁን አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ሊያስገባት ቆርጧል። የእናትየው ልብ ግን አልቆረጠም። «ጋሼ፣ እንግሊዝኛዋ እንዲስተካከል ብዬ እኮ ነው፤ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለኝ። ምን ልበል? አዳሪ ትምህርት ቤት ሲባል እኔ ትዝ የምትለኝ አንዲት የነቀምቴ መምህርት ናት።

አስቴር ጋኖ ትባላለች። ዘመኑን በፈረንጆቹ ልቁጠር፤ መዝገቡን የያዙት እነሱ ናቸውና። በ1886 ባሪያ ጭኖ ወደ ዐረብ አገር የሚሻገር ጀልባ በኢጣልያ የጦር መርከብ ተያዘ። ነፃ ከወጡት አንዷ አስቴር ነበረች፤ ዕድሜዋ ዐሥራ አራት ግድም ይሆናል። ከዚያ ምጽዋ አጠገብ፣ እምኩሉ ወደሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተወሰደች።

ዛሬ አዳሪ የሚሆነው ቤት ያለው፣ ከቤቱም ለክፍያ የሚተርፈው ልጅ ነው። የእምኩሉ አዳሪ ግን ሌላ ማደሪያ ስላልነበረው ነው ያደረው። የአካባቢው ልጅ ሲመሽ እናቱ ዘንድ ይሄዳል እንበል። ከሊሙ ወይም ከኢሉባቦር ተሰርቆ የመጣውስ ወዴት ይሄዳል?

ኦነሲሞስ ነሲብም የዚያው ቤት ልጅ ነው። በሕፃንነቱ ከኢሉባቦር ተሰርቆ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተሽጦ፣ በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ። ኋላ ስዊድን ድረስ ሄዶ ተማረ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሊመልስ ሲነሳ ግን ነገሩ ጠናበት። በጨቅላነቱ ከአገሩ የተነጠቀ ሰው ቃል ያጥረዋል። ቃሉ ያለው እነ አስቴር ዘንድ ነበር። እሷ ከትዝታዋ ተረቱን፣ ሂቦውን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩን፣ ዘፈኑን እየለቀመች አምስት መቶ ያህል ጻፈች። ከፊሉ ከኦነሲሞስ ጋር ባዘጋጁት የንባብ መጽሐፍ ውስጥ በ1894 እዚያው እምኩሉ ታተመ፤ ፊደሉም የኛው የግዕዝ ፊደል ነው።

ግምቴን ልናገር። ተረት ቀን አይወራም፤ ይሄ በአማራውም በኦሮሞውም ወግ ያለ ነው። ስለዚህ ያ መጽሐፍ ግማሹ የተሠራው በክፍል ውስጥ አይመስለኝም። በመኝታ ቤት ነው፤ መብራቱ ከጠፋ በኋላ፣ ቤት የሌላቸው ልጆች እርስ በርስ «ሂቦ» ሲባባሉ።

በ1899 የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ፊት ገጽ ላይ የአስቴር ስም የለም። በ1904 ሁለቱም ወለጋ ገቡ። ቦጂ ላይ እነ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ቀደም ብለው በ1898 ደርሰው ነበር። ነቀምቴ ላይ የተቀበላቸው የሌቃው ገዥ ኩምሳ ሞረዳ ነው። ልጆች በኦሮምኛ መማራቸው ግን ሁሉን አላስደሰተም። ከካህናት ክስ መጣ፣ ነገሩ ምኒልክ ዘንድ ደረሰ፣ ኦነሲሞስም እንዳይሰብክ ታገደ። የሰበከበት ቋንቋም ከጥፋቱ ተቆጥሮ ነበር፤ ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል። ኦነሲሞስ በ1931 አረፈ፤ አስቴር እስከ 1964 ኖራለች።

ስንት ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስሟን በክፍሌ አንድም ቀን አላነሳሁም። ሥነ ቃል ሰብሳቢ ሲባል የፈረንጅ ስም ነበር የምደረድረው። ይኸው ተማሪዬም ከዚያ ክፍል ነው የወጣው፤ አሁን ከኔ ሰማ።

«ታዲያ አላስገባት ነው የሚሉኝ?» አለኝ።

«እንደሱ አላልኩም። ክፍያውን ጠይቀሃል፣ እንግሊዝኛውን ጠይቀሃል። ማታ ማታ ልጆቹ ምን እንደሚያወሩ፣ በምን ቋንቋ እንደሚያወሩ ጠይቀሃል?»

አልጠየቀም። እዚያው ተነስቶ ደወለ። በትሕትና መለሱለት፤ «እስከ ሦስት ሰዓት ጥናት ነው፣ ከዚያ መብራት ይጠፋል፣ ማውራት ክልክል ነው።» ስልኩን ዘጋና ወደ ጓዳ ዞረ። ልጅቷ አያቷ ጉልበት ላይ ተቀምጣ የሆነ ነገር ስትጠይቃት ይሰማል። እናትየው ሦስተኛውን ቡና ቀዳችልን።