ሙስሊም ካልሆኑ ወገኖች ጋር የሰላምታ አደብ

ሰላምታ በእስልምና ተራ የአፍ ልማድ አይደለም። «አሰላሙ ዐለይኩም» ዱዓ ነው፤ «አስ-ሰላም»ም ከአላህ ስሞች አንዱ ነው። በአገራችን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ገበያና በአንድ መሥሪያ ቤት፣ እንደ ወሎ ባሉ አካባቢዎች ደግሞ በአንድ ቤተሰብ ውስጥም አብሮ ይኖራል። እኛም በማስተማር ሥራ ላይ በነበርንበት ጊዜ ተማሪዎች «ክርስቲያን ጎረቤቴ ሰላም ሲለኝ ምን ልበል?» እያሉ ደጋግመው ይጠይቁን ነበር። አንዳንዱ እንዳይሳሳት ፈርቶ ዝም ብሎ ያልፋል፤ ለጎረቤቱ ግን ዝምታው ንቀት ሆኖ ይታየዋል። ስለዚህ ማስረጃዎቹን ባጭሩ እንመልከት።

መሠረቱ

ሱረቱ-ኒሳእ (4፡86) ሰላምታ የቀረበለት ሰው በተሻለው ወይም በአምሳያው እንዲመልስ ያዛል። ሱረቱል-ሙምተሒናህ (60፡8) በሃይማኖታችን ምክንያት ላልተዋጉንና ከቤታችን ላላስወጡን ሰዎች በጎ መዋልና ፍትሐዊ መሆን እንዳልተከለከለ ይገልጻል። ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ጣዖት አምላኪው አባታቸው በዛቱባቸው ጊዜ እንኳ የመለሱት በሰላም ቃል እንደነበር በሱረቱ መርየም (19፡47) ተወስቷል።

ሰላምታ ሲቀርብልን

አነስ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ የመጽሐፉ ሰዎች ሰላም ሲሉን «ወዐለይኩም» ብለን እንድንመልስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አዘዋል። የዚህ አጭር መልስ ምክንያት በሌላ ዘገባ ይታወቃል። በመዲና የነበሩ አንዳንድ አይሁዶች «ሰላም» የሚለውን ቃል አጣመው «ሳም» ይሉ ነበር፤ ትርጉሙ ሞት ነው። አዒሻ (ረ.ዐ) ሰምተው በቁጣ ሲመልሱላቸው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላህ በነገር ሁሉ ልስላሴን እንደሚወድ ነግረው አረጋጓቸው።

ታዲያ ዛሬ ክርስቲያኑ ባለሱቅ ደንበኛውን አክብሮ በግልጽ «አሰላሙ ዐለይኩም» ቢልስ? ኢብኑል-ቀይም «አሕካሙ አህሊ-ዚማህ» በተሰኘው ኪታባቸው ሰሚው ቃሉ በትክክል «ሰላም» መሆኑን ካረጋገጠ «ወዐለይከ ሰላም» ብሎ መመለስ ከሸሪዓው መሠረት ጋር የሚሄድና ፍትሕ መሆኑን ጽፈዋል። «ወዐለይኩም» ብቻ ማለትም በሐዲሱ የተደገፈ ነው። ከኢብኑ ዐባስም (ረ.ዐ) ሰላምታ ያቀረበው ማንም ቢሆን ሊመለስለት እንደሚገባ ተዘግቧል። ዝም ብሎ ማለፍን ግን አብዛኞቹ ዑለማዎች አይደግፉትም።

ቀድሞ ሰላም ማለት

እዚህ ላይ የዑለማዎች ልዩነት አለ። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ አይሁዶችንና ክርስቲያኖችን በሰላም ቃል መጀመር ተከልክሏል። አብዛኞቹ ዑለማዎች ይህን በአጠቃላይነቱ ይወስዱታል። ኢብኑ ዐባስና አቡ ኡማማ (ረ.ዐ) ግን መጀመርን እንደፈቀዱ ነወዊ ጠቅሰዋል። ክልከላው በግጭት ወቅት ለነበረ የተለየ ሁኔታ ነው ያሉም አሉ።

ልዩነቱ በዋናነት «አሰላሙ ዐለይኩም» በሚለው ቃል ላይ ነው። ነወዊ «አል-አዝካር» በተሰኘው ኪታባቸው፣ ጉዳይ ሲኖር መልካም ንጋትን የሚመኙ ዓይነት ቃላትን መጠቀም ችግር እንደሌለው ገልጸዋል። ስለዚህ «እንደምን አደሩ»፣ «ጤና ይስጥልኝ»፣ «እንዴት ዋልሽ» ለማለት የሚያስጨንቅ ነገር የለም።

የተቀላቀለ ስብስብ ሲሆን ነገሩ ቀላል ነው። ኡሳማ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊሞች፣ ጣዖት አምላኪዎችና አይሁዶች አብረው በተቀመጡበት ሲያልፉ ሰላምታ አቅርበዋል። ቢሮ ወይም ታክሲ ስንገባ ይህንን ማስታወስ ይጠቅመናል።

እጅ መንሳትና ማጎንበስ

ለዚህ ምሳሌው ከአገራችን ታሪክ ይገኛል። ከመካ ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሶሓቦች ንጉሥ ነጃሺ ፊት ሲቀርቡ፣ በኢማም አሕመድ ሙስነድ እንደተዘገበው፣ ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ሰላምታ አቀረቡ እንጂ አልሰገዱም። ለምን ሲባሉም የምንሰግደው ለአላህ ብቻ ነው ብለው አስረዱ። ንጉሡም ንግግራቸውን አዳምጠው ከለላ ሰጧቸው። ጀዕፈር ክብርን አልነፈጉም፤ የከለከሉት ለአላህ ብቻ የሚገባውን ነው። እኛም ለታላላቆች ተነስተን፣ እጃችንን ደረታችን ላይ አድርገን አክብሮታችንን መግለጽ እንችላለን፤ ሩኩዕ እስኪመስል ግን አናጎነብስም።

ማስነጠስ፣ ሐዘንና በዓል

በአገራችን ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» ይባላል። አቡ ሙሳ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት አይሁዶች ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሲያስነጥሱ አላህ እንዲመራቸውና ሁኔታቸውን እንዲያስተካክልላቸው ዱዓ ያደርጉላቸው ነበር። ስለዚህ ላስነጠሰው ጎረቤታችንም መልካም ዱዓ አናጣለትም።

ሙስሊም ባልሆነ ጎረቤት ለቅሶ ላይ «ነፍስ ይማር» ከማለት ብዙዎቹ ዑለማዎች ሱረቱ-ተውባን (9፡113) መሠረት አድርገው ይከለክላሉ። ለቤተሰቡ ግን «ፈጣሪ ያጽናችሁ»፣ «ብርታቱን ይስጣችሁ» ማለት ይቻላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአይሁድ ጀናዛ ሲያልፍ መቆማቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል።

የሃይማኖት በዓል ሲሆን «እንኳን አደረሳችሁ» ማለትን ኢብኑል-ቀይም በጥብቅ ከልክለዋል፤ በዘመናችን እንደ ዩሱፍ አል-ቀርዷዊ ያሉ ዑለማዎች ደግሞ በአምልኮው ሳይካፈሉ እንደ ጉርብትና ወግ ፈቅደውታል። የትኛውንም ብንከተል በዚያ ቀን ፊትን ማጥቆር ከዲናችን አይደለም።

ባጭሩ፣ የማናምንበትን አንናገርም፤ መልካም ቃልን ግን አንሰስትም። ጎረቤታችን ስለ እስልምና የሚያውቀው ምናልባት በር ላይ ሲያገኘን ከምንመልስለት ቃል ብቻ ሊሆን ይችላል።

ወላሁ አዕለም።