ማዳበሪያ ሲቀር ከተማ ውስጥ ጎመን ያበቀሉ ሰዎች

ዩሪያ ዘገየ፣ ዋጋውም ጨመረ ሲባል ሁላችንም እንደነግጣለን። ጭራሽ ባይመጣስ? ይሄ የደረሰበት አገር አለ። ኩባ ነው። በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ወታደሮቹ ከእኛ ጎን የተሰለፉት፣ አባቶቻችን የሚያውቁት ኩባ።

ኩባ ለሶቪየት ኅብረት ስኳር ትልክ ነበር፤ ከዚያ ነዳጅ፣ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ይመጣላት ነበር። እርሻዋም በአብዛኛው በትራክተር ነበር። ሶቪየት ኅብረት በታኅሣሥ 1984 ዓ.ም. (1991 እ.ኤ.አ.) ሲፈርስ ያ ሁሉ ቀረ። ትራክተሩ ነዳጅ አጥቶ ቆመ፤ ብዙው ገበሬ ወደ በሬ ተመለሰ። ከገጠር ምግብ የሚያመጣው መኪናም ቆመ። በዋና ከተማዋ በሃቫና ምግብ ጠፋ፤ ሰው ከሳ።

ታዲያ ከተሜው ምን አደረገ መሰላችሁ? በየሰፈሩ ያለውን ባዶ ቦታ፣ ቆሻሻ ይጣልበት የነበረውን ሳይቀር፣ አጽድቶ አትክልት ተከለ። መንግሥትም ባዶ መሬት ለሚያለማው ሰው በነፃ እንዲጠቀምበት ፈቀደ። ቦታ ያጣው በረንዳውና ጣሪያው ላይ ተከለ።

መሬቱ ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ ከሆነ ደግሞ ዙሪያውን በብሎኬት ወይም በድንጋይ ይከትሩና አፈርና ኮምፖስት ይሞሉበታል። መደቡን «ኦርጋኖፖኒኮ» ይሉታል። ሰላጣ፣ ጎመን፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና የቅመም ቅጠል ያበቅሉበታል። ኮምፖስቱን በትል ጭምር ያዘጋጃሉ። ከተማ ውስጥ ኬሚካል መርጨት ስለተከለከለ፣ ተባይ እንዳይገባ በመደቡ ዳር በቆሎ ወይም ማሽላ ይዘራሉ።

እውነቱን እንነጋገር፤ ኩባ በዚህ ብቻ አልጠገበችም። ከምግቧ ብዙውን ዛሬም ከውጭ ታስገባለች። ትንሽ መደብ ስንዴና ሩዝ አይተካም። የሃቫና ሰው ግን ትኩስ አትክልት ከሰፈሩ ማግኘት ቻለ። በክፉ ቀን ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

እናንተ ደግሞ ከእነሱ ትሻላላችሁ። እበቱም፣ አመዱም፣ ገለባውም፣ ቦታውም ደጃችሁ ላይ አለ። ዛሬ ኮምፖስት ማዘጋጀት ብትጀምሩ በሦስት ወር ገደማ ይደርሳል። ከቤታችሁ አጠገብ፣ የእጅ መታጠቢያ ውኃ የሚደርስበት ቦታ ላይ፣ ወርዱ 1 ሜትር ያህል የሆነ መደብ አውጡ፤ ሳትረግጡት ከሁለቱም ወገን እንድትደርሱበት ነው። ጎመን፣ ቆስጣ፣ በሶብላና ጤና አዳም ትከሉበት። ዶሮ እንዳይጭረው ማጠሩን አትርሱ።

ማዳበሪያው ቢዘገይ እንኳ ወጡ ከጓሮ አይጥፋ። መልካም ሥራ!