የጎረቤት ማዕድ በከተማ፤ ታሪኩና የማዘጋጃ ቤት ድርሻ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን አውራ ጐዳና ይዞ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ፣ ሰንበቴን አልፎ ወደ ከሚሴ ሲቃረብ፣ የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ ተዘርግቶ ይታየዋል። በበጋ ወራት በሌላው ስፍራ ሣርና ውሃ ሲጐድል የኦሮሞውም፣ የአፋሩም፣ የአርጐባውም ከብት ወደዚህ ሸለቆ ይወርዳል። እሑድ የሰንበቴ፣ ሰኞ የባቲ ገበያ ሲቆም ደገኛና ቆለኛ በአንድ ሜዳ ይገናኛሉ። ይሁን እንጂ በገበያ መገናኘትና በጎረቤትነት መተዋወቅ ሁለት ልዩ ነገሮች ናቸው፤ ገበያተኛ ሸጦ ለውጦ ወደ አገሩ ይመለሳል፣ ጎረቤት ግን በዚያው ውሎ ያድራል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው የከተማ ሰው ከጎረቤቱ ጋር በደስታ የሚሰበሰብበት ልማድ በአገራችን ምን ታሪክ እንዳለውና ማዘጋጃ ቤት ይህን ልማድ በምን መንገድ ሊረዳው እንደሚችል ነው።

በመጀመሪያ ሕዝቡ ራሱ ያቋቋመውን እንመልከት። በአዲስ አበባ እድር የሚባለው፣ በወሎ ግን ቅሬ በሚል ስም የሚታወቀው ማኅበር ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ሬሳ እንዲያነሣና ኀዘንተኛ እንዲያጽናና የተመሠረተ ነው። የከተማው እድር በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ሰው በአዲስ አበባ በተሰበሰበ ጊዜ እንደ ተስፋፋ ብዙዎች አጥኚዎች ይናገራሉ። ከዘመዱ የራቀ ሰው ዘመድ ያደረገው ጎረቤቱን ነበርና። እድሩ ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና ሰሐን በጋራ ገዝቶ ያስቀምጣል፤ ዳኛና ጸሐፊም ይመርጣል። ማንም ሳያዝዘው የቆመ በመሆኑ መንግሥታት ቢለዋወጡም እርሱ አልፈረሰም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከመከራ የተወለደ ነው። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር ዓለምን ያዳረሰው የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን እጅግ ጐዳ። ከዚያ ወዲህ ኅዳር 12 ቀን የየሠፈሩ ሰው ቆሻሻውን ከየደጁ አውጥቶ በአንድነት ማቃጠል ልማዱ ሆነ፤ ይኸውም «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ነው። ጢሱ ዛሬ ለጤና የሚመከር ባይሆንም፣ የአንድ መንደር ሰው በአንድ ቀን መጥረጊያ ይዞ ወደ ደጅ መውጣቱ ግን ሊታሰብበት የሚገባ ትምህርት ነው።

ሦስተኛው ትምህርት በትእዛዝ ስለሚደረግ ስብሰባ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቋመ፤ ቀበሌም ከዚህ ተነሣ። በዚያ ዘመን ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ከመቼውም ይልቅ ደጋግሞ ተሰብስቧል። ነገር ግን ለስብሰባው መቅረት ያስጠይቅ ስለ ነበር፣ ብዙ ሰው አጠገቡ የተቀመጠውን ጎረቤቱን ከመውደድ ይልቅ መፍራትን ተማረ። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ሰርኩላር መጻፍ ይቀናናልና ይህን ታሪክ ዘወትር ልናስታውሰው ይገባናል።

ወደ ውጭ አገር ብንመለከት፣ በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1919 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰላም በተፈረመ ጊዜ በየመንደሩ መንገድ ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ሕፃናት ሻይና ዳቦ ተጋበዙ። በፓሪስም በ17ኛው ክፍለ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1999 የጎረቤቶች በዓል ተጀምሮ ወደ ሌሎች የአውሮፓ ከተሞች ተዛመተ፤ ምግቡን የሚያመጡት ነዋሪዎቹ ሲሆኑ ማዘጋጃ ቤቶች የጥሪ ወረቀት በማደል ይረዳሉ። በአገራችንም ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በተጀመረ ጊዜ የአዲስ አበባ መንገዶች ለጥቂት ሰዓት ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለሕፃናት ጨዋታ ተለቀቁ። ከእነዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ከተማ ስፍራውን ሲሰጥና ሕዝቡ ድግሱን ሲያመጣ ነገሩ እንደሚሠምር ነው።

ይህን በጨፋ ሸለቆ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በዚህ ሸለቆና በአዋሳኙ በሰሜን ሸዋ የተነሣው ግጭት የብዙ ሰው ሕይወት አጠፋ፤ በአጣዬም ቤቶች ተቃጠሉ፤ ብዙ ሺህ ሕዝብም ከቀዬው ተፈናቀለ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ድረስ ደረሰ። ደም ሲፈስ አበጋር የተባሉት ሽማግሌዎች ያስታርቃሉ፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ሕዝቡ በወዳጃ ተሰብስቦ ቡና እያፈላ ዱዓ ያደርጋል፤ ሰው ሲሞት ቅሬ ይወጣል። ሁሉም የተቀደሱ ልማዶች ናቸው። ነገር ግን አንባቢ ልብ ይበል! ሦስቱም የሚጠሩን መከራ ሲደርስ ነው። በኀዘን ብቻ የሚተያይ ጎረቤት አሉባልታ በመጣ ጊዜ የጎረቤቱን መልካምነት ከምን ያውቃል?

እንግዲህ ማዘጋጃ ቤት ቢያደርግ መልካም ነው የምንለው ይህ ነው። አንደኛ፣ ቅሬው በአንድ ወረቀት ጠይቆ በአጭር ቀን ፈቃድ ያግኝ፤ ክፍያም አይኑርበት። ሁለተኛ፣ አውራ ጐዳናው የአገር መተላለፊያ ስለሆነ ሊዘጋ አይቻልም፤ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ግን ለግማሽ ቀን ቢዘጋ የሚጐዳ የለም። ሦስተኛ፣ ቀኑ ከገበያ ቀን፣ ከጁምዓ ሶላትና ከጾም ወራት ጋር እንዳይጋጭ ነዋሪው ራሱ ይምረጥ። አራተኛ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ውሃ ያቅርብ፤ ሲያልቅም ቆሻሻውን ያንሣ። ንግግር ግን አያብዛ።

ስለ ማዕዱም አንድ ቃል እንጨምር። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንዱ የሌላውን ሥጋ እንደማይበላ የታወቀ ነው፤ የወሎ ሰውም ለዚህ ብልኀት አያጣም፣ ለእንግዳው በየሃይማኖቱ ለየብቻ ያሳርዳል። ለሠፈር ማዕድ ግን ዳቦ፣ ቆሎ፣ ንፍሮና ቡና ከሁሉ ይበልጣሉ፤ በእነርሱ ዙሪያ ማንም ተለይቶ አይቆምምና። ወጪያቸውም ድኻውን አያሳፍረውም።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይባላል። አባቶቻችን ይህን ያሉት ጎረቤታቸውን በስምና በቤቱ ስለሚያውቁት ነበር። የቅሬው ድንኳን ዛሬ በየመንደሩ ተጠቅልሎ ቀጣዩን ለቅሶ ይጠብቃል፤ በዓመት አንድ ቀን እንኳ ለደስታ ቢተከል፣ አቦል፣ ቶናና በረካ ተፈልቶ ልጆች በመንገዱ ቢጫወቱ፣ ከተማው የሚከስርበት ነገር አይኖርም። ልጆቹም ባደጉ ጊዜ «የማን ልጅ ነህ?» ብለው የሚጠይቁት ለመጣላት ሳይሆን ለመተዋወቅ ይሆናል።