የቢት ፍሰት፦ ከሜጋፒክስል በፊት ሊታይ የሚገባው ቁጥር

በአነስተኛ ዋጋ የሚሸጥ የዋይፋይ ካሜራ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የሜጋፒክስሉ ብዛት ነው፤ ገዢም የሚያማርጠው በእሱ ነው። ሌሊት በር ላይ የቆመው ሰው ፊት አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ሆኖ ሲታይ ግን ብዙ ጊዜ ተጠያቂው ሌላ ቁጥር ነው፤ በካሜራው ሴቲንግ ውስጥ «ቢትሬት» ተብሎ የሚገኘው። ቃሉን በአማርኛ «የቢት ፍሰት» ብንለው ይስማማል፤ ካሜራው ለአንድ ሰከንድ ቪዲዮ የሚመድበውን የመረጃ መጠን ያመለክታልና። «የቢት ፍጥነት» ቢባል ከኢንተርኔት ፍጥነት ጋር ይምታታል። ፍሰቱ ሲያንስ ቪዲዮው አይዘገይም፤ የሚጎድለው የምስሉ ዝርዝር ነው።

ፉል ኤችዲ የሚባለው ምስል 1920 በ1080፣ ማለትም ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት። በሰከንድ 15 ፍሬም ቢቀረጽ፣ ሳይታመቅ በሰከንድ 370 ሜጋቢት ገደማ ይሆናል። ርካሽ ካሜራ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚልከው 1 ወይም 2 ሜጋቢት ብቻ ነው። ይህ የሚቻለው እንደ ኤች 264 ያለው የማመቂያ ዘዴ ካለፈው ፍሬም የተለወጠውን ብቻ ስለሚልክና ረቂቅ ዝርዝሮችን ስለሚጥል ነው። ቀን ላይ ግድግዳው እንዳለ ስለሚቆይ አነስተኛ ፍሰት ይበቃል። ሲጨልም ግን ሴንሰሩ በየፍሬሙ የሚለዋወጥ ነጠብጣብ ይፈጥራል፤ ማመቂያው ነጠብጣቡን እንደ እንቅስቃሴ ቆጥሮ ቢቱን እዚያ ላይ ይጨርሰዋል፤ ለፊትና ለታርጋ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በር ላይ አንድ አምፖል ማብራት ምስሉን የሚያጠራው ለዚህ ነው። ባለ 4ኬ ካሜራም ቢሆን በዚያው 2 ሜጋቢት ከሠራ፣ አራት እጥፍ ነጥቦች ያንኑ ቢት ይሻሙበታል።

«ፍሰቱን ብንጨምር ዋይፋዩ አይችለውም፣ ዳታም ይጨርሳል» የሚል ስጋት ይነሳል። ከካሜራው እስከ ራውተሩ 2 ወይም 3 ሜጋቢት ለደህና ዋይፋይ ከባድ ጭነት አይደለም፤ የሚያስቸግረው በመሃል ያለው የቆርቆሮ በርና አጥር ነው፤ ብረት ሞገዱን ይመልሰዋል። ራውተሩን ከቆርቆሮው ጀርባ ማውጣት ካሜራ ከመቀየር ይቀድማል። ዳታን በተመለከተ፣ ሚሞሪ ካርድ ላይ የሚቀረጸው ቪዲዮ ከቤት አይወጣም፤ ዳታ የሚበላው ከሩቅ ሲታይ ወይም ክላውድ ላይ ሲቀመጥ ነው። ክብደት ያለው ተቃውሞ የማከማቻው ነው፦ 2 ሜጋቢት ያለማቋረጥ ቢቀረጽ በቀን ወደ 22 ጊጋባይት ይወስዳል፣ 64 ጊጋባይት ካርድ ለሦስት ቀን እንኳ አይበቃም። ፍሰቱን በግማሽ ብንቀንስ ወደ ስድስት ቀን ይጠጋል፤ ነገር ግን ማን እንደገባ የማይለይበት የስድስት ቀን ቅጂ ምን ያደርጋል? እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲቀርጽ ማድረግ ወይም ትልቅ ካርድ መግዛት ይሻላል። ፍሬሙን ከ25 ወደ 12 ማውረድም ለእያንዳንዱ ምስል የሚደርሰውን ቢት ያሳድጋል፤ ለግቢ ጥበቃ 12 ፍሬም በቂ ነው።

የቆሸሸ ሌንስን የትኛውም ፍሰት አያጠራውም፤ መጀመሪያ ይወልወል። ከዚያ አዲስ ካሜራ ከመግዛትዎ በፊት ሴቲንጉን ከፍተው ፍሰቱን ይመልከቱ፤ ቁጥሩ ከሌለ «ኤስዲ» ላይ የቆመውን ወደ «ኤችዲ» ይቀይሩት። አዲስ የሚገዙ ከሆነም ሻጩን ከሜጋፒክስሉ ጋር የቢት ፍሰቱን ይጠይቁት።