ሞተር የሌላት ላንድሮቨር፦ የመኪና ታሪካችንን ከየት እንጀምር?

ክረምቱ ሊገባ ሲል የአክስቴ ልጅ ከመሐል ሜዳ ደወለልኝ። "ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛ ሰውዬ ግቢ ገብቶ ላንድሮቨሯን አይቷታል። በሚቀጥለው ሳምንት ቆራርጦ፣ በኪሎ መዝኖ ሊወስዳት ነው። እማዬም ትሂድ ብላለች። አንተ ምን ትላለህ?"

ላንድሮቨሯን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። ጋሼ የምለው የአክስቴ ባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በደርግ ጊዜ ከመንግሥት ጨረታ የገዛት ናት። ወደ ደብረ ብርሃን እህልና ሰው አመላልሳለች፤ ነፍሰ ጡር ሐኪም ቤት አድርሳለች፤ ሙሽራም ጭናለች። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሞተሯ ወርዶ ለሬክቲፋይ አዲስ አበባ ተላከ። ጋራዡ ተዘጋ፣ ባለቤቱ ጠፋ፣ ሞተሩም በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ዶሮ ሲተኛባት፣ ልጅ ሲጫወትባት፣ ጭድ ሲከመርባት ኖራለች። አሁን የአክስቴ ልጅ ሊያድሳት ተነሥቷል። መኪና አድሶ አያውቅም። መጀመሪያ የጠየቀኝም "ሞተር ከየት እናገኛለን?" ብሎ ነው።

ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ይህ ጥያቄ የመጀመሪያው መሆን የለበትም ስለምል ነው። ለእሱም፣ ለሀገርም።

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። የሀገራችንን የመኪና ታሪክ ስንናገር ብዙ ጊዜ ከቤተ መንግሥት እንጀምራለን። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ለአፄ ምኒልክ ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ "የሰርኪስ ባቡር" ተብሎ ስሙ በሕዝብ አፍ ቀርቷል። ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ደግሞ፣ ባቡሩ ገና ድሬዳዋ ላይ በቆመበት ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ሲድሊ የተባለች መኪና በረሃውን አቋርጦ አዲስ አበባ አስገባ። ይህ የታሪኩ አንደኛ ምዕራፍ ነው፤ በደንብ ተጽፏል።

ሁለተኛው ምዕራፍ የወራሪው ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን አድርጎ ወደ ደሴ የሚሄደው መንገድ፣ ጣርማበር ላይ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፈው፣ ሰው እስካሁን "ሙሶሊኒ ዋሻ" የሚለው ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚረዝም መሿለኪያ፣ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። መንገዱ የተሠራው ለጦር ካሚዮን ነበር። መንዝም የዚያን ዘመን ዋጋ ከፍላለች። ራስ አበበ አረጋይ ከአርበኞቻቸው ጋር የተዋጉት በነዚህ ደጋዎች ነው። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ጣሊያኖች ዘረት ዋሻ የተጠለለውን ሕዝብና አርበኛ በመርዝ ጋዝ ፈጁት። ብዙው የመንዝ ሰው የሞተር ድምፅ መጀመሪያ የሰማው ከጠላት ነው ቢባል ማጋነን አይመስለኝም።

ጠላት በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ መንገዱና ካሚዮኖቹ ቀሩ። ከነሱ ጋር አንድ ሌላ ነገር ቀረ፤ ቋንቋው። ዛሬ መሐል ሜዳ ከሚገኝ መካኒክ ዘንድ ሄዳችሁ ቁሙ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኮፋኖ፣ ካቻቢቴ ይላችኋል። ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆማችሁ ሊብሬና ቦሎ ይጠይቃችኋል፤ ታርጋችሁንም ይመዘግባል። ቃላቱ የጣሊያን ናቸው፣ እጁ ግን የኛ ነው። አያቱ ዱር ቤቴ ብሎ ጣሊያንን የተዋጋ የመንዝ ልጅ በጣሊያንኛ ስም የሚጠራ ብሎን በገዛ ብልሃቱ ይፈታል። ሦስተኛው ምዕራፍ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ይህ የመካኒኮች ምዕራፍ ግን በቅጡ አልተጻፈም።

ያ ምዕራፍ ከፊያት ኤንትሬ ካሚዮን ጋር ዳገት የወጣ ነው። ከቮልስ ጋር አስተማሪና ነርስ ሥራ ያደረሰ ነው። ከላንድሮቨር ጋር መንገድ የሌለበት ወረዳ የገባ ነው። መለዋወጫ ሲጠፋ ከሞተችው መኪና ነቅሎ ለታመመችው የሰጠ፣ ያልተገኘውን ቶርኖ ቤት ያስቀረጸ ነው። ለዚህም ነው ሞተር የሌላት መኪና በየግቢው የምናየው። ያቺ መኪና የተጣለች አይደለችም፤ አካሏን ለሌላ ያዋጣች ናት።

መኪና ታሪክ ይሸከማል ስል ማስረጃ አላጣም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በቮልስ ነው። ያን ቀን ያየም ሆነ የሰማ ሰው የአዋጁን ቃል ቢረሳ ያቺን መኪና አይረሳም። የንጉሠ ነገሥቱ ትላልቅ መኪኖች ዛሬ በቤተ መንግሥት ለጎብኚ ይታያሉ፤ ደግም ተደርጓል። ነፍሰ ጡር የጫነችው የመንዟ ላንድሮቨር ግን በኪሎ ልትሸጥ ነው።

ወደ ግቢያችን ልመለስ። ሰኔ ውስጥ ሄጄ አየኋት። የፊት መብራቶቿ ጠርዝ ላይ ሳይሆኑ መሐል፣ ከወንፊቱ ጋር ናቸው። ላንድሮቨር መብራቱን ወደ ጠርዝ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ስለሆነ የኛዋ ከዚያ በፊት የተሠራች ናት። አካሏ አሉሚኒየም ነው። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ እንግሊዝ ከጦርነቱ ማግስት ብረት በራሽን የምታከፋፍልበት ጊዜ ነበር፤ አሉሚኒየም ግን ይገኝ ነበር። ከሰባ ዓመት በፊት የእንግሊዝ ችግር የፈጠረው ምርጫ ዛሬ መንዝ ላይ በሩን ከዝገት አድኖታል። የብረት ነጋዴውም ዓይን ያረፈው እሱ ላይ ነው፤ አሉሚኒየም ቀልጦ ድስት ይሆናል።

ብረት የሆነው ሻሲው ነው። ሻሲው ውስጡ ክፍት ሣጥን ስለሆነ ጭቃና ውኃ ገብቶ ከውስጥ ይበላዋል። በእንግሊዝ ሀገር በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ይጨርሰዋል። እኛ ጋ ጨው የለም። በመዶሻ ቀስ እያልን ከዳር እስከ ዳር መታነው፤ ከኋላ ሁለት ቦታ ብቻ ድምፁ ደነዘዘ። የፊት መስታወቱን የሚሸከመው ግንብ ግን ብረት ነውና ታችኛው ጥጉ ተበልቷል።

ለአክስቴ ልጅ የነገርኩት ይህን ነው፤ የመጀመሪያ መኪናውን ለሚያድስ ሁሉ ይሆናል።

አንደኛ፣ ምንም ሳትፈታ ፎቶ አንሣ፣ ጻፍ። የሻሲውን ቁጥር ፈልግ። በቀኝ በኩል የፊተኛው ባሌስትራ በሚታሰርበት የሻሲ ጫፍ ላይ ተመትቷል፤ ቀለሙንና ጭቃውን በሽቦ ብሩሽ ስትጠርግ ይወጣል። ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አመሳክረው። ሊብሬ የሞተሩንም የሻሲውንም ቁጥር ይይዛል። ነገ ሌላ ሞተር ስትገጥም ለውጡ መመዝገብ አለበት። ወረቀቱ ሳይስተካከል ሞተር የገዛ ሰው ግቢው ውስጥ ብቻ የምትዞር መኪና ነው የሚሠራው።

ሁለተኛ፣ የጎደለው ሞተር ብቻ እንዳይመስልህ። ሞተር ሲወርድ ሞተሪኖው፣ ዲናሞው፣ ካርቡሬተሩ፣ የፍሪሲዮኑ ዲስክ፣ ቱቦውና ገመዱ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ራዲያተሩም ብዙ ጊዜ ለሌላ ይሰጣል። እያንዳንዱን ስትደምር ከሞተሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ካምቢዮው ግን ቦታው ላይ አለ። ፊቱ ለሃያ ምናምን ዓመት ክፍት ስለነበር ጭድ ሞልቶታል። አጽዳና በላሜራ ክደነው።

ሦስተኛ፣ ሞተሩን መጨረሻ ላይ ምረጥ። ሦስት መንገድ አለ። የቀድሞውን ዓይነት 2 ነጥብ 25 ሊትር ቤንዚን ፈልጎ መግጠም አንዱ ነው። እዚህ ላይ መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ መሆኗን አትርሳ። አየሩ ስስ ስለሆነ እንዲህ ያለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል። 70 የፈረስ ጉልበት የነበረው እዚያ 50 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ጋሼ ዳገት ላይ ተሳፋሪ አስወርዶ የሚያስገፋው ስስታም ስለነበር አልነበረም! ሁለተኛው እኛ ጋ የተለመደው የቶዮታ ናፍታ ሞተር ነው፤ ይሠራል፣ መለዋወጫም አለው። ሦስተኛው ኤሌክትሪክ ነው።

ይህ ሦስተኛው ሳቅ ያስነሣ ይሆናል። ነገር ግን በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንደማይገባ አስታውቀዋል። ምክንያቱም ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነው። ፖሊሲውን ደግፉት ወይም ንቀፉት፣ ውጤቱ አንድ ነው። ቤንዚንና ናፍታ የሚጠጣው መኪና ከእንግዲህ የሚቀንስ እንጂ የሚጨምር አይሆንም። ሲቀንስ መጀመሪያ የሚቆረጠው በየግቢው ሞተር አጥቶ የቆመው ነው። አብሮት የሚሄደው የመካኒኮቹ ምዕራፍ ነው፤ የትኛው ብየዳ በማን እጅ እንደተሠራ፣ የትኛው ብሎን ከየትኛው ካሚዮን እንደመጣ።

ስለዚህ እድሳት ስንል ከፋብሪካ እንደወጣች ማስመሰል አይሁን። የኛዋ ላንድሮቨር የኋላ በሯ ላይ በእጅ የተቀጠቀጠ ላሜራ አለ። የነዳጅ ሰልባትዮዋ ክዳን ከሌላ መኪና የመጣ ነው። የአክስቴ ልጅ ሁለቱንም ሊጥል ነበር፤ ተው አልኩት። የሠራው መካኒክ ዛሬም በሕይወት አለ። ሄደን ጠየቅነው። በሩ መቼና እንዴት እንደተጎዳ፣ ላሜራውን ከምን እንደቆረጠው አጫወተን። ያን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፍነው። ከሙሉ እድሳቱ እስካሁን የተጠናቀቀው ይህ ብቻ ነው።

የአክስቴ ነገር ግን በወግ የሚታለፍ አይደለም። "ብረት ታሪክ ነው ትሉኛላችሁ፤ እኔ የማዳበሪያ ዕዳ አለብኝ" አለችን። እውነቷን ነው። ድሃን ቅርስህን ጠብቅ ብሎ ባዶ እጁን መተው ግፍ ነው። ስለዚህ ብረት ነጋዴው የጠራውን ዋጋ እኔና የአክስቴ ልጅ ተካፍለን ሰጠናት። "የገዛ ንብረቴን ለራሳችሁ ሸጣችሁልኝ" ብላ ሳቀች፤ ብሩን ግን ቆጥራ ነው የተቀበለችው። ጥያቄው ከኛ ግቢ ይሰፋል። የከተማ ሙዚየሞቻችን፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን፣ በየዞኑ ያሉ የባህልና ቱሪዝም ቢሮዎች ከነዚህ መኪኖች ጥቂቶቹን በብረት ዋጋ እንኳ ገዝተው ለተማሪ መማሪያ ቢያደርጓቸው፣ ታሪኩም ሙያውም በአንድ ላይ ይተርፍ ነበር።

ሞተሩን ገና አልገዛንም። ላንድሮቨሯ ከጭዱ ወጥታ፣ ታጥባ፣ በአራት ግንድ ላይ ተነሥታ ቆርቆሮ ሥር ቆማለች። ዶሮዎቹ ሌላ ቦታ ተሰጥቷቸዋል።

እናንተም ግቢያችሁ የቆመች አሮጌ መኪና ካለች ቁራሌው ሳይደርስባት ሦስት ነገር አድርጉ፤ ፎቶዋን አንሡ፣ የሻሲ ቁጥሯን ጻፉ፣ የጠገናትን ሰው በሕይወት ሳለ ጠይቁት።

ቸር እንሰንብት።