ፋይበሩ ከአስፋልቱ ሥር፣ እኛ ከግቢው ውስጥ

የፋይበር ኢንተርኔት ወደ መኖሪያ ሰፈሮቻችን ለመግባት ለምን ይህን ያህል ዘገየ? ሲባል አፋችን ላይ ቶሎ የሚመጣው መልስ «ድህነት ነው» ወይም «የባሕር በር ስለሌለን ነው» የሚል ነው። ሁለቱም እውነትነት አላቸው። የኋላውን ታሪክ ገለጥ ገለጥ ስናደርገው ግን ሌላም ምክንያት እናገኛለን፤ በአገራችን ሽቦ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቢሮ ነው፣ ቤት የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው።

ከሥሩ እንጀምር። በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 የተጀመረው የአዲስ አበባ–ሐረር የስልክ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። ዓላማው ቤተ መንግሥቱን ከጠቅላይ ግዛት ገዥው ጋር ማነጋገር ነበር። ለዘመኑ ተገቢ ነው፤ ልማዱ ግን ከዘመን ዘመን ተሻገረ።

ኢንተርኔት በ1997 ሲገባ የሚሠራው በስልክ መስመር ነበርና የቤት ስልክ የሌለው ሰው ዕጣው ኢንተርኔት ካፌ ነበር። በ2000ዎቹ ወረዳኔት የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን፣ ስኩልኔት ደግሞ ትምህርት ቤቶችን አገናኘ። በ2006 ለቴሌኮም ማስፋፊያ ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተደረገ፤ ዋና ዋናዎቹን መንገዶች ተከትሎም የፋይበር መስመር ተዘረጋ። እንግዲህ ፋይበሩ አገር ውስጥ ከገባ ብዙ ዓመት ሆኖታል ማለት ነው!

የቀረው ከዋናው መስመር እስከ አጥራችን ያለችው አጭር መንገድ ናት። እሷም ለዓመታት በመዳብ ሽቦ ተሸፈነች። በመዳብ የሚመጣ ኢንተርኔት ደግሞ ቤቱ ከጣቢያው በራቀ ቁጥር ይዳከማል። ፋይበር ለማስገባት ውስጥ ለውስጥ መቆፈር፣ በየኮንዶሚኒየሙ ብሎክ ማከፋፈያ ሳጥን መትከል፣ ቤት ለቤት መዞር ይጠይቃል። እስከ 2022፣ ሳፋሪኮም ሥራ እስኪጀምር ድረስ ደግሞ አገልግሎት ሰጪው አንድ ብቻ ስለነበር የሚቀድመው አልነበረም። ሕዝቡም የሞባይል ፓኬጅ እየገዛ ስለተጠቀመ ጥያቄው የተመለሰ መሰለ። የሞባይሉን አንቴና ግን መላው ሰፈር ይካፈለዋል፤ ማታ ማታ ሁሉም ሲገባበት ይንቀራፈፋል።

በ2024 በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲጀመር ዋና ዋና መንገዶች ተቆፍረው ከላይ የተንጠለጠሉ ሽቦዎች መሬት ውስጥ ገቡ። ደግ ሥራ ነው። ጥያቄያችን ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ስለሚገባው ኮብልስቶን ነው። ከቤቱ ሆኖ ለውጭ አገር ድርጅት የሚሠራ ወጣት እንጀራው በዚያች ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሁለት እኩል የተማሩ ልጆች አንዱ ዳር ላይ፣ ሌላው ውስጥ ስለሚኖሩ ብቻ ዕድላቸው ሊለያይ አይገባም።

«ዛሬውኑ ይግባልን» አላልንም። ወረፋ መጠበቅን ከአያቶቻችን ወርሰናል። የምንጠይቀው ወረፋው እንዲታወቅ ነው፦ የትኛው ሰፈር፣ በየትኛው ወር፣ ከማን ቀጥሎ። ያ በየወረዳው ይለጠፍልንና ቆጥረን እንጠብቃለን።

ቸር እንሰንብት።